አሮጌውን ላንድክሩዘር 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ላድርገው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። እ.ኤ.አ. የ1994 ላንድክሩዘር አለኝ፤ 80 ሲሪስ የሚባለው። ሞተሩ ቱርቦ የሌለው 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው። ከአጎቴ ነው የገዛሁት። ድንጋይና ጭቃ የበዛበት መንገድ ላይ ሆዱ እየነካ አስቸገረኝ። 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ 35 ኢንች ጎማ ላስርለት አስቤያለሁ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ‹አዲስ ሞላ ምን ያደርግልሃል? በነበረው ሞላ ላይ ስፔሰር (ሞላውን ከፍ የሚያደርግ ድጋፍ) ክተትበትና ተገላገል› አለኝ። ምን ልግዛ? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦ ሰላም ወንድሜ። የያዝከው መኪና ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት አንዱ ነው። ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል አለው። አራቱም ጎማ ላይ ያለው ጥቅልል ሞላ ነው። ሻንሲው ወፍራም ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና በችኮላ ሲበላሽ ማየት ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስልህ ይሻላል።

ቁርጡን ልንገርህ። በ10 ሴንቲ ሜትርና በ35 ኢንች አትጀምር። ላልከው መንገድ 5 ሴንቲ ሜትርና 33 ኢንች ይበቃሃል። ምናልባትም ግማሹን ከፍታ መኪናህ ድሮ ነበረው፤ በእርጅና ያጣው ነው የሚሆነው። ምክንያቱን ላስረዳህና ውሳኔው የራስህ ይሁን።

መጀመሪያ መኪናው ሥር ግባና ጭረቱን ፈልግ። የተፋቀው ምንድን ነው? የዲፈረንሻሉ፣ አክስሉ ላይ ያለው ጉብ ያለ የጥርሶች ቤት፣ ሆድ ነው? የሻንሲው መሃል ነው? የጎን መርገጫው ነው? ወይስ ከኋላ የተጎታች መሳቢያው? መልሱ በሙሉ ያለው እዚያ ጭረት ላይ ነው። ሞላ ሲረዝም የሚነሳው ሻንሲውና ቦዲው ነው። ዲፈረንሻሉ ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ምክንያቱም ያለው አክስሉ ላይ ነው፣ አክስሉ ደግሞ የተሸከመው ጎማው ነው። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። እሱም ከጨመረው ቁመት ግማሹን ብቻ ነው የሚሰጥህ።

በቁጥር እንየው። ይህ መኪና ብዙ ጊዜ የሚያስረው 275/70 ባለ 16 ቸርኬ ጎማ ቁመቱ 79 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በተለምዶ 33 የሚባለው 285/75 ደግሞ 83 ተኩል አካባቢ ነው። ከዲፈረንሻሉ ሥር የምታገኘው 2 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። 35 የሚባለው 315/75 ቁመቱ 88 ገደማ ስለሆነ ትርፉ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ለዚህች ልዩነት የሚከፈለውን ዋጋ ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ጭረቱ ሻንሲው ወይም መርገጫው ላይ ከሆነ ግን ሞላ ይረዳሃል። አፍንጫው፣ ሆዱና ጅራቱ ከመሬት ይርቃሉ፤ ዳገት ስትጀምርም ጉብታ ስትሻገርም ልዩነቱን ታየዋለህ። መርገጫው ብቻ ከሆነ የሚነካው፣ መርገጫውን አውልቀህ ጠንካራ የጎን መከላከያ ብረት ብታስገጥም ችግርህ ያለ ሞላ ሊያልቅ ይችላል።

ቀጥሎ ለካ። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው፤ ከጎማው እምብርት ቀጥ ብለህ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በሜትር ለካና አራቱንም ጻፋቸው። ከመሬት አትለካ፤ ከመሬት ከለካህ የጎማው ቁመትና ንፋሱ ይገባበታል። 30 ዓመት የተሸከመ ሞላ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር መስመጡ የተለመደ ነው። አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ማለቱም እንደዚያው። ሻጮች «5 ሴንቲ ሜትር የሚያነሳ ሞላ» ሲሉ የሚያወዳድሩት ከአዲስ የፋብሪካ ሞላ ጋር ነው። ያንተ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሰምጦ ከሆነ፣ ያው ሞላ ዛሬ ካለህበት 8 ሴንቲ ሜትር ያነሳሃል። 10 እፈልጋለሁ ካልከው ብዙም አይርቅም እንግዲህ።

አሁን ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ሥራ ላይ ደረስን። ሞላ ከመግዛትህ በፊት መኪናው ጤነኛ መሆኑን እወቅ። ትልቅ ጎማና ከፍታ ያለውን ድካም ሁሉ ያጎላሉ። ዛሬ በትንሹ የሚንቀሳቀስ ነገር ነገ መሪውን ይዞ ይንቀጠቀጣል።

ከሻንሲው ጀምር። ትንሽ መዶሻ ያዝና ከጫፍ እስከ ጫፍ እየመታህ ስማ። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል። የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው፤ አንዳንዴም ዝገቱ እየተቀረፈ እጅህ ላይ ይረግፋል። ከኋላ አክስል በላይ ያለውን ክፍል፣ አክስሉን የሚይዙት ክንዶች ከሻንሲው ጋር የሚታሰሩበትን ቦታ፣ የመሪ ሳጥኑ የታሰረበትን ሁሉ ደህና አድርገህ እየው። ጭቃ ተሰብስቦ የሚደርቅበት ማዕዘን ሁሉ ይጠረግ። ስንጥቅ ካገኘህ ሌላው ዕቅድ ሁሉ ይቁምና መጀመሪያ በደንብ ይበየድ።

ከዚያ የፊት ጎማዎቹ ጋ ሂድ። በክሪክ አንሳው፤ ከሥሩ ግን የብረት ማቆሚያ አድርግበት፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እንዳትገባ አደራ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው። ከተንቀሳቀሰ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥልህና ደግመህ ወዝውዝ። እንቅስቃሴው ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ግን ጎማው የሚታጠፍባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች አልቀዋል። ይቺ ፍተሻ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም፤ ግን ጋራዥ ውስጥ ከሚደረግ ብዙ ግምት ታድንሃለች።

እዚያው ከጎማው ጀርባ ያለውን ድቡልቡል ብረት ተመልከት። ላዩ ላይ ስስ የግራሶ ልስን ካለ ጤና ነው። ጥቁር ቀጭን ፈሳሽ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን የውስጡ ኦይል ሲል (ዘይቱን የሚያግደው ቀለበት) ተበልቷል ማለት ነው። የዲፈረንሻሉ ዘይት መጥቶ ግራሶውን እያጠበው ነው። ግራሶው የታጠበ መገጣጠሚያ ትልቅ ጎማ ከታሰረለት ዕድሜው አጭር ነው። ሁለቱንም ጎን አስፈትተህ ሲሉ፣ ኩሽኔታውና ግራሶው በአዲስ ይተካ። ሥራው ቆሻሻ ነው፤ ቀን ይፈጃል፤ ግን ከማንኛውም ጌጥ በፊት ገንዘብህ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው።

የቀረውን በፍጥነት ላልፈው። አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ትንሽ ትንሽ ሲያወዛውዝልህ አንተ ከሥር ሆነህ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እይ። የክንዶቹ የጎማ ቡሾች ከተሰነጣጠቁ ይቀየሩ። ክሮቼራዎቹን (የማስተላለፊያ ዘንጎቹን መገጣጠሚያዎች) ፈትሽ። ፍሬኑ ፍጹም መሆን አለበት፤ ከባድ ጎማ ለማቆም አስቸጋሪ ነው። ራዲያተሩም ይታጠብ፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ትልቅ ጎማ ይዞ ዳገት ሲወጣ ሙቀቱ ይጨምራል።

ሞላ ምርጫ ላይ ደግሞ ሁሉም የሚጠይቀው «ስንት ያነሳል?» ነው። መቅደም ያለበት ግን «ስንት ይሸከማል?» የሚለው ነው። የብረት ፓራውልት ከነዊንቹ (ገመድ ጠቅላይ መጎተቻው) 100 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ፖርቶመጋላው፣ ድንኳኑ፣ ተጨማሪ ባትሪው፣ 20 ሊትር ውሃው፣ የመለዋወጫ ሳጥኑ አለ። ሞላ የሚሠራው ለክብደት ልክ ነው። ለተጫነ መኪና የተሠራ ሞላ ባዶ መኪና ላይ ብታስገባ ከታሰበው በላይ ያነሳዋል፤ ግትር ይሆናል፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ መሬት መያዝ ሲገባው ተንጠልጥሎ ይቀራል። በተቃራኒው፣ ለባዶ መኪና የተሠራው ሲጫንበት ይሰምጥና ገንዘብህ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ የምትሰቅለውን ሁሉ አስቀድመህ ስቀል። ነዳጅ ሞልተህ፣ ዕቃህን ጭነህ፣ የመኪና ሚዛን ላይ ውጣ። የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ አስመዝን። ሞላ ስትገዛ እነዚህን ቁጥሮች ለሻጩ ስጠው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ጠንካራ ሞላ የመኪናውን የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት አይጨምርም። አክስሉም፣ ፍሬኑም፣ ሻንሲውም ያው የድሮዎቹ ናቸው።

ጓደኛህ ስላለው ስፔሰር። ስፔሰር የደከመን ሞላ አያድስም። ከፍ ያደርገዋል፤ ግን ሞላው ያው የሰመጠው ሞላ ነው፤ ሲጫን ያው ይተኛል። ሾኩንም ካላስረዘምክ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን መንገድ ይቀንስብሃል። ጤነኛ ሞላ ላይ፣ ዝቅ ያለ አንድ ጎን ለማስተካከል፣ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ብታስገባ አልቃወምም። ለ30 ዓመት ሞላ ግን መፍትሔ አይደለም። ቦዲውን ከሻንሲው በብሎክ የሚያነሱም አሉ። እሱ ለጎማ ቦታ ይከፍታል እንጂ ሻንሲውን ከድንጋይ አያርቅም፤ ያንተ ችግር ደግሞ ሆድ ነው።

5 ሴንቲ ሜትር ስታነሳ ምን ይከተላል? ዋናው ካስተር የሚባለው ነው። የፊት ጎማዎቹ የሚታጠፉበት መስመር ከላይ ወደ ኋላ ትንሽ ያዘነበለ ነው። ያ ዘንበል ማለቱ ነው መሪውን ከታጠፈ በኋላ በራሱ የሚመልሰው፣ አስፋልት ላይም ቀጥ አድርጎ የሚይዘው። ያንተ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ 3 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሻንሲው ሲነሳ የፊት ክንዶቹ አክስሉን ወደ ፊት ያዞሩታል፤ በ5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሁለት ዲግሪና ከዚያ በላይ ልታጣ ትችላለህ። ያኔ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ይዋልላል፤ መሪውን ሁልጊዜ ማረም ይሆናል ሥራህ። ብዙ ሰው «ከፍ ካለ እንደዚህ ነው» ብሎ ይለምደዋል። ልክ አይደለም! ማረሚያ ቡሽ ወይም ማረሚያ ሳህን አለ፤ ከሞላው ጋር አብረህ ግዛው፤ ከተገጠመ በኋላም በአላይመንት ማሽን አስለካው። የመሪ ሾክ ቀይሮ መንቀጥቀጡን መደበቅ ግን መድኃኒት አይሆንም፤ የላላው ነገር ያው እንደላላ ነው።

ሁለተኛው ሾኩ ነው። ከአዲሱ ሞላ ጋር የሚመጣጠን ርዝመት ይኑረው፤ ሲዘረጋም ሲታጠፍም። ሾኩ ከሁሉ ቀድሞ መጨረሻው ላይ ከደረሰ ራሱ ይሰበራል። ወደ ላይ ሲመጣ ቀድሞ መንካት ያለበት ባምፕ ስቶፑ (የአክስሉን ጉዞ የሚያስቆመው ትራስ) ነው፤ ጎማውም ፓራፋንጎውን ከመፋቁ በፊት እሱ ይያዘው። ሦስተኛው የፍሬን ቱቦ። አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ቱቦው ከተወጠረ ረዘም ያለ አድርግለት። የኋላ አክስሉ ላይ ደግሞ ብዙ መካኒክ የሚረሳው አንድ ቫልቭ አለ። ከአክስሉ ጋር በዘንግ ታስሮ የጭነቱን ልክ ይለካል፤ ለኋላ ፍሬን ስንት ግፊት እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ነው። መኪናው ሲነሳ ቫልቩ «ባዶ ነው» ብሎ ያስባል፤ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። አንተ ጭነህ ስትሄድ ፊቱ ብቻ ይሠራል ማለት ነው። የዘንጉን መያዣ በተነሳው ልክ ማስተካከል ቀላል ነው፤ ካልተነገረው ግን ማንም አያስታውሰውም።

አክስሉን ግራ ቀኝ እንዳይሄድ የሚይዘው አግድም ዘንግ ፓናርድ ይባላል። ርዝመቱ ስለማይለወጥ፣ መኪናው ሲነሳ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። በ5 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ከዚያ በላይ ግን ርዝመቱ የሚስተካከል ፓናርድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ስትደርስ ያልኩህ ሁሉ ይባባሳል፤ ሌላም ይጨመራል። ካስተሩን ቡሽ ብቻውን አያስተካክለውም፤ ክንዱ ራሱ ይቀየራል ወይም መያዣው ይወርዳል። ፓናርዱ ከፊትም ከኋላም ግዴታ ይሆናል። የማስተላለፊያ ዘንጎቹ አቀማመጥ ይበላሽና በተወሰነ ፍጥነት ላይ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ ክሮቼራ ቶሎ ይበላል። የመኪናው ክብደት ማዕከል ወደ ላይ ይወጣል፤ በጎን በተንጋደደ መንገድ ላይ ስትሄድ ይህ ቀልድ አይደለም። 35ቱ ጎማ ደግሞ ከሞተርህ ጋር ይጣላል። የዲፈረንሻልህ የጥርስ ምጥጥን 4.1 ከሆነ፣ ያ ጎማ ሲታሰር መኪናው 3.7 እንደታሰረለት ያህል ይከብደዋል። ዳገት ላይ ማርሽ ስትቀንስ ትውላለህ። የድሮ ጉልበቱን ለመመለስ የዲፈረንሻሉን ጥርስ ከፊትም ከኋላም ወደ 4.56 ወይም 4.88 ማስቀየር አለብህ፤ ይህ ደግሞ በልኬት የሚሠራ የባለሙያ ሥራ ነው። የፍጥነት ጌጁም ይዋሻል፤ 100 ሲልህ አንተ 111 እየሄድክ ነው። በ33ቱ ልዩነቱ 5 ያህል ብቻ ነው፤ የዲፈረንሻሉ ጥርስም ሳይቀየር ይቻላል።

ጎማውን ስትገዛ ከስፋት ይልቅ ቁመትን ምረጥ። ወደ ውጭ የሚያወጣ ቸርኬ አታስገባ፤ ኩሽኔታውን ያደክማል፤ መሪውን ያከብዳል። የጎማው ጎን ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብብ፤ 2319 ከሆነ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። ዕድሜው የገፋ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ተወው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ለውጡን መጀመሪያ የምታየው በሞላ አይደለም። በንፋስ ነው። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ የነበረውን ድንጋይና ጭቃ ስትገባ ወደ 20፣ ለስላሳ አሸዋ ላይ ደግሞ ወደ 15 አውርደው። ጎማው ይረዝማል፤ መሬቱን ይይዛል፤ ድንጋዩንም እየዋጠው ያልፋል። በዚያ ንፋስ ግን ቀስ ብለህ ንዳ፤ መሪም በኃይል አትጠምዝ፤ አለዚያ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል። ወደ አስፋልት ስትመለስ መሙላት ግዴታ ነው። ስለዚህ ደህና ኮምፕረሰርና የንፋስ መለኪያ ከሞላው በፊት ግዛ።

ሌላ ርካሽ ሥራ አለ። አክስሎቹ ላይ የመተንፈሻ ቱቦ አለ። የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ውሃ ውስጥ ከሆነ ወይም ከተደፈነ ውሃ ስቦ ያስገባል። ዘይቱ ወተት ሲመስል ያኔ ታውቃለህ። ቱቦዎቹን አስረዝምና ሞተሩ ክፍል ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ እሰራቸው። ካምቢዮውንም አትርሳ። ስኖርክል (ሞተሩ አየር ከላይ የሚስብበት ቱቦ) ካሰብክ ጥሩ ነው፤ ከአቧራም ያድናል። ነገር ግን ከላይ እስከ ፊልትሮው ድረስ አንድም ቀዳዳ አይኑር። ናፍጣ ሞተር ውሃ ከሳበ ውሃ አይታመቅም፤ ኮኔክቲንግ ሮዱ (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጠማዘዛል።

መጎተቻ ነገር ላይ አደራ እላለሁ። ከፊትም ከኋላም፣ ለዚሁ የተሠራ፣ የሚችለው ጭነት የተጻፈበት መጎተቻ ሻንሲው ላይ ይታሰር። የተጎታች መሳቢያው ክብ ኳስ ላይ ገመድ አታስር። ኳሱ ተበጥሶ እየተወረወረ ሰው ገድሏል። ሲጎተት ሌላው ሰው ሁሉ ገመዱ ከሚወረወርበት ይራቅ። ዲፈረንሻል ሎክን (የአንድ አክስል ሁለት ጎማዎች አብረው እንዲዞሩ የሚቆልፈውን) በተመለከተ፣ ከኋላ አንድ ሎክ ከ10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይልቅ ብዙ ቦታ ያሳልፍሃል ባይ ነኝ። አንዳንድ 80 ሲሪስ ከፋብሪካ ሎክ ይዘው ስለሚመጡ ያንተም ይኖረው እንደሆነ ዳሽቦርዱ ላይ ማዞሪያውን ፈልግ።

ሞላው ሲገጠም እዚያው ቁም። የክንዶቹን ብሎኖች መካኒኩ በመጀመሪያ በእጅ ብቻ ያስገባቸው። መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመና ጥቂት ወደ ላይ ወደ ታች ከተናወጠ በኋላ ነው በልካቸው የሚጠብቁት። ተንጠልጥሎ እያለ ከጠበቁ፣ ቡሹ በተጠመዘዘ ቦታ ይታሰራል፤ መኪናው ሲወርድ የቡሹ ጎማ ሁልጊዜ እየተጠመዘዘ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ አንዱን ጎማ ጉብታ ላይ አውጥተህ፣ ሌላው እንዲንጠለጠል አድርገህ፣ ቱቦዎቹንና የጎማውን ርቀት ተመልከት። መሪውን እስከ መጨረሻ ግራ ቀኝ አዙር፤ በሌላኛውም ጎን ድገመው። አላይመንት አሠራ። የፊት መብራቱ ስለተነሳ ወደ ታች ይስተካከል፤ አለዚያ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ታጠፋለህ። 500 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ አንድ ጊዜ አስፈትሽ። ያለህበት አገር ሕግ ስንት ከፍታ እንደሚፈቅድም ሳትገዛ ጠይቅ፤ ለኢንሹራንስህም አሳውቅ።

አሁን ምንም ከማዘዝህ በፊት ሦስት ነገር ላክልኝ፦ የአራቱን ጎማ ልክ ከእምብርት እስከ ፓራፋንጎ፣ ተጭኖ የተመዘነበትን የፊትና የኋላ ክብደት፣ የጭረቱንም ፎቶ። እነሱን ካየሁ በኋላ የሞላውን ዓይነት በቁርጥ እነግርሃለሁ።